በክቱ የት ደረሰ? የሞተ እንስሳ አወጋገድ ከይፋት ቆላ እስከ አመድ ሣጥን

የሞተን እንስሳ ማስወገድ ማለት በድኑን ከዓይንና ከአፍንጫ ማራቅ ብቻ አይደለም። በውስጡ የቀረው ሕመም ወደ ሰው፣ በሕይወት ወዳለው መንጋ፣ ወደ ውሃና ወደ ግጦሽ እንዳይሻገር አድርጎ ነገሩን መጨረስ ነው። ለዚህም ሰው ከጥንት ጀምሮ ሦስት መንገድ ያውቃል፤ ለአራዊት መተው፣ መቅበር፣ ማቃጠል። ሦስቱም አንድ የሚያመሳስላቸው ጠባይ አለ፤ ሥራው አንዴ ካለቀ በኋላ በትክክል መሠራቱን መርምሮ ማረጋገጥ እጅግ ያስቸግራል። የተደፈነ ጉድጓድ ጥልቀቱን አይናገርም፤ አመድም የማን እንደሆነ አይመሰክርም። ስለዚህ ሥራውን ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሁሉ፣ በሬው የሞተበት የቀወት ወረዳ ገበሬም ይሁን ውሻው የሞተበት የዋሽንግተን ነዋሪ፣ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማንን ልመን? በምንስ ልመን?

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ብርድ ቁልቁል ከተወረደ በኋላ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,300 ሜትር አይሞላም። ዙሪያዋን የቀወት ወረዳ ይከብባታል፤ የሮቢ ወንዝ ውሃዋን ሰብስቦ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። ወደ ሰሜን ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራቆሬ በአስፋልቱ ላይ ይከተላሉ፤ በስተምሥራቅ የአፋር ሜዳ ይጀምራል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሬ፣ ፍየል፣ አህያና ግመል ይዘው በሚገናኙበት በዚህ የይፋት ቆላ የእንስሳ ሞት የዘወትር ነገር ነው። አንዱ በበሽታ፣ አንዱ በድርቅ፣ አንዱ በሌሊት በሚያልፍ የጭነት መኪና ይሞታል። ለውሻ ወይም ለድመት አስከሬን ማቃጠያ ከፍቶ አመዱን በሣጥን የሚያስረክብ ድርጅት በሸዋ ሮቢት የለም። በድን የማስወገድ ሥራ ግን በየሳምንቱ አለ።

በይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይታረድ የሞተ እንስሳ አይበላም። ስሙ በክት ነው። ይህ ሕግ ከሃይማኖት የመጣ ቢሆንም ለጤና የሰጠው ጥበቃ ቀላል አይደለም፤ በበሽታ የሞተ ከብት ሥጋ ወደ ድስት እንዳይገባ በሩን ይዘጋል። ችግሩ የሚመጣው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። በሬው ወድቆ ሲንፈራገጥ፣ ዓይኑ ሲገለበጥ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ይድረስለት ይባላል። ጎረቤት ተሰብስቦ ሥጋውን በመደብ ይካፈልና ባለቤቱ ከኪሣራው ጥቂት እንዲያገግም ገንዘብ ያዋጣል። የመተሳሰብ ወግ ነው፤ ከማኅበራዊ ኑሮ አንጻር የሚነቀፍበት ነገር የለም። ነገር ግን እንስሳው የወደቀው አባ ሰንጋ በሚባለው በሽታ ከሆነ ያ መደብ ሞትን ለየቤቱ ያከፋፍላል። ስለ በድን አወጋገድ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ከዚህች ደቂቃ መጀመር አለበት፤ በድንገት የወደቀ ከብት መታረድም መገፈፍም የለበትም።

ከሦስቱ መንገዶች በቆላው የቆየው ለአራዊት መተው ነው። ውሻ፣ አህያ ወይም ግመል ሲሞት ከሰፈር ራቅ ወዳለ ገደል ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይጎተታል፤ ሌሊቱን ጅብ፣ ሲነጋ ጥንብ አንሳ ይጨርሰዋል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ ማየት ስሕተት ነው። በመቀሌ ዙሪያ በሚኖሩ ጅቦች ላይ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጅቦቹ በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት በድን እንደሚያስወግዱና በዚህም በሰውና በከብት ላይ ሊደርስ የሚችል የአባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሕመም እንደሚቀንሱ አስልቷል። ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው። እዚያው ትግራይ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል፤ በሁዳዴ ጾም እርድ ሲቋረጥ የሥጋ ትርፍራፊው ስለሚጠፋ ጅቡ በሕይወት ወዳሉ አህዮች ይዞራል። ጅብ የሰውን የጾም አቆጣጠር በሆዱ ያውቀዋል።

ጥንብ አንሳ ከሌለ ምን እንደሚሆን ያየችው ህንድ ናት። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከብት ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ በበድኑ ውስጥ ቀርቶ የበሉትን ጥንብ አንሳዎች ኩላሊት አበላሸ። ዋነኞቹ ዝርያዎች ከመቶ 95 እጅ በላይ አለቁ። በድኑ በሜዳ ቀረ፤ የሚበላው ባለቤት አልባ ውሻ በዛ፤ ከውሻው ጋር የእብደት በሽታ ስጋት ከፍ አለ። ህንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነበር። በአፍሪካ ጥንብ አንሳን ከሁሉ የሚፈጀው መርዝ ነው። ጅብን ለመግደል መርዝ የተረጨበት ሥጋ፣ ወይም ከተማን ከውሻ ለማጽዳት የሚጣል መርዝ፣ አንድ እንስሳ ገድሎ አያበቃም፤ የበላውን ይገድላል፣ የበላውን የበላውንም ይከተላል። በሐኪም መርፌ እንዲያንቀላፉ ተደርገው የሞቱ ውሾችም እንዲሁ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ በብዙ አገር የሚውለው ፔንቶባርቢታል በበድኑ ውስጥ ሳይጠፋ ስለሚቆይ በድኑን የቀመሱ ንስሮችና ውሾች የሞቱበት ጊዜ አለ። በመርዝ ወይም በመርፌ የሞተ እንስሳ ስለዚህ ለአራዊት የሚተው አይደለም።

የአራዊቱም አቅም ልክ አለው። በ1880 ዓ.ም. የጀመረውና ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ይህን አሳይቷል። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን፣ በብዙ ግምት ከመቶ ዘጠናውን፣ ጨረሰ። በሬ ስላለቀ እርሻ ቆመ፤ ሜዳው በበድን ተሞላ፤ ጅብ ከበድን አልፎ በረሃብ የደከመውን ሰው ይወስድ ጀመር። ደስታ ከምድር መጥፋቱ በይፋ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ያን የሚያህል እልቂት ባይደገምም በድርቅ ዓመት በአንድ ቀበሌ ብዙ ከብት በአንድ ሳምንት ሲሞት ጅብ ብቻውን አይበቃም።

የመቀሌው ጥናት ስሌት እንዳለ ሆኖ፣ አባ ሰንጋ ግን ጅብ ከነጭራሹ መድረስ የሌለበት ሕመም ነው። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ከእንስሳ ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሹትን ስትለይ የውሻ እብደትን አንደኛ፣ አባ ሰንጋን ሁለተኛ አድርጋለች። አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባክቴሪያ በሕያው እንስሳ ደም ውስጥ ሲባዛ ለስላሳና በቀላሉ የሚሞት ነው። በድኑ ሳይከፈት ከቀረ መበስበሱ ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋል። ቆዳው ተገፎ ወይም ሆዱ ተቀዶ አየር ሲያገኝ ግን ወደ ዘር ይለወጣል፤ ያ ዘር እንደ ጠንካራ ቅርፊት ራሱን ሸፍኖ በአፈር ውስጥ ለአሥርታት ዓመታት ይተኛል። አውሬ በድኑን ሲቀድ ያው ገፋፊው በቢላ ያደረገውን ማድረጉ ነው፤ ከዚያም አልፎ ወደ ሌላ ሜዳ ይዞት ይሄዳል።

የዘሩን ዕድሜ በእርግጥ ያስተማረችው ግሩይናርድ የምትባል የስኮትላንድ ደሴት ናት። እንግሊዞች በ1942 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል አባ ሰንጋን በመሣሪያነት ለመሞከር በጎች ወስደው ቦምብ አፈነዱባት። ደሴቲቱ ሰው እንዳይረግጣት ተከልክላ ኖረች፤ አፈሯ በፎርማሊን ከታጠበ በኋላ ነጻ ናት የተባለችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። አርባ ስምንት ዓመት ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሳይቤሪያ በያማል ምድር በረዶ ሲቀልጥ ከቀድሞ በድኖች የወጣ አባ ሰንጋ ከሁለት ሺህ በላይ የዋልታ አጋዘን ፈጅቶ አንድ ልጅም ገድሏል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ይህን ነገር ቀደም ብሎ ጠርጥሮት ነበር፤ በአባ ሰንጋ የሞቱ ከብቶች በተቀበሩባቸው መስኮች ከዓመታት በኋላ የሚግጡ በጎች የሚታመሙት የመሬት ትል ዘሩን ከታች ወደ ላይ ስለሚያወጣው ነው ብሎ ጽፏል። በ1881 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ያሳየው የአባ ሰንጋ ክትባት የተወለደው ከዚሁ ምርምር ነው። ዛሬ ለኢትዮጵያ ከብት የሚሰጠውን የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት የሚያመርተው በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

አባ ሰንጋን የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች የታወቁ ናቸው፤ ትናንት ሲግጥ የዋለ ከብት በድንገት ይሞታል፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል፣ ሰውነቱ እንደ ሌላ በድን አይደርቅም። ፈጥኖ መነፋትም አንዱ ምልክት ነው፤ ነገር ግን በሸዋ ሮቢት ሙቀት ማንኛውም በድን በማግሥቱ ከበሮ ስለሚሆን በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም በድኑን ሳይከፍት ከጆሮው ጥቂት ደም ወስዶ በመስታወት ላይ ቀብቶ ማየት ይችላል። ሐኪሙ እስኪደርስ የበድኑ ቀዳዳዎች በጨርቅ ይወተፋሉ፤ ውሻና ልጅ ይጠበቃሉ። በድኑን መጎተትም መልካም አይደለም፤ በጎተቱት ቁጥር ደሙ በመንገዱ ሁሉ ይሠመራል። በሰው ላይ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ገፋፊው እጅ ወይም ክንድ ላይ በምትወጣ፣ ብዙም በማታምም፣ መሐሏ ጠቁሮ በሚደርቅ ቁስል ነው። በጊዜ ለታየ ሰው መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ ተራ አንቲባዮቲክ ነው፤ የበላው ሰው ሕመም ግን የከፋ ነው።

የውሻ በድን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በእብደት በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ ከመቶ 99 የሚሆነው በውሻ ንክሻ የመጣ ነው። ቫይረሱ በሙቀት ቶሎ ስለሚሞት ሦስት ቀን በፀሐይ የዋለ የቆላ በድን ያን ያህል አያስፈራም፤ አዲስ የሞተ ውሻ ምራቅና አንጎል ግን ያስፈራል። ሰው ነክሶ የሞተ ወይም የተገደለ ውሻ ወዲያው መቀበር የለበትም፤ ጭንቅላቱ ሳይቀጠቀጥ ቆይቶ ሐኪም እንዲወስደው ይደረጋል፤ ምርመራው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ውሻን ጭንቅላቱን በድንጋይ ብሎ መግደል ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ማስረጃውን ያጠፋል፣ አንጎሉንም ይረጫል። የተነከሰ ሰው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ለክትባት መሄድ አለበት። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለ ታስሮ አሥር ቀን ይጠበቃል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ጤናው ካልተለወጠ በነከሰ ጊዜ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው።

መቅበር ቀላሉ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። የሚበላሸው ደግሞ ሰዎች መቆፈር ስለሚሰለቹ ነው። ለትልቅ እንስሳ ጉድጓዱ ከሁለት ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ሊኖረው፣ ከበድኑ በላይም ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር ሊለበስ ይገባል። ለውሻና ለድመት አንድ ሜትር ይበቃል። ከላይ ድንጋይ ይከመራል፤ ጅብ ለስላሳ አፈር ሲያገኝ ጥፍሩ ከአካፋ አይተናነስም። በድኑ የተኛበት፣ ደም የነካው አፈርና ገለባም ተዝቆ አብሮ ይገባል። ብዙ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ኖራ ቢበተን ነገሩ የሚጸዳ ይመስለዋል። ለሽታና ለዝንብ ይረዳ ይሆናል፤ ለአባ ሰንጋ ግን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ኖራ አያበረታታም፤ ካልሲየም ዘሩ እንዲቆይ ሳይረዳው አይቀርም የሚል ምክንያት አለና።

በይፋት ትልቁ ጥያቄ ጥልቀቱ ሳይሆን ቦታው ነው። ለመቆፈር የሚቀለው የወንዝ ዳር አሸዋ ነው፤ ደረቅ በጋ ላይ የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ዳር ሰፊ፣ ጸጥ ያለና ባለቤት የሌለው ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ግን ከጣርማ በር ተራሮች የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ዳርቻውን ገምሶ ይወስዳል። በመጋቢት የተቀበረው በነሐሴ ከታች ባለ መንደር፣ በማሾ ማሳ ወይም በመስኖ ቦይ ውስጥ ብቅ ይላል። ጉድጓዱ ስለዚህ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ከውኃ ጉድጓድና ከምንጭ በብዙ አሥር ሜትሮች ርቆ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከማይቀርብበት መሬት መሆን አለበት። የሚታረስ ማሳም አይደለም፤ ማረሻ ከዓመታት በኋላ የቀበሩትን ያወጣዋል።

ማቃጠል ከሦስቱ የተሻለው ነው፤ በተለይ ለአባ ሰንጋ። ነገር ግን አንድን በሬ ማቃጠል ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። የእንስሳ ሰውነት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ውሃው እስኪያልቅ እሳቱን ይበላዋል። ጎማና ናፍጣ ደፍቶ ክብሪት መጫር ቆዳውን ያጠቁርና ውስጡን ጥሬ ያስቀረዋል፤ ጭሱም ለሰፈሩ ሌላ መርዝ ነው። በሜዳ ላይ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በድኑን የሚያህል፣ ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ በመሐሉ ደግሞ አየር ከሥር እንዲገባ ጫፎቹ ወደ ውጭ የወጡ ቦይ ይሰነጠቃል። ጭድና ጭራሮ ከታች፣ ግንድ ከላይ ይረበረባል፣ በድኑ በግንዱ ላይ ይጋደማል። ለአንድ በሬ ከአምስት ኩንታል በላይ ደረቅ እንጨት ሊጠይቅ ይችላል። ግራር ለዚህ መቁረጥ ያሳዝናል፤ ከአፋር ሜዳ ወደ ይፋት ጠርዝ የገፋው መጤው ፕሮሶፒስ ግን ጠንካራ ፍም ያለው እንጨት ነው፤ ለዚህ ቢውል የሚያለቅስለት አይገኝም። እሳቱ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ይነዳል፤ እስከ መጨረሻው ሰው ይጠብቀዋል። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው በቆመበት በኅዳርና በታኅሣሥ ይህን ሥራ ያለ ጠባቂ መጀመር ጎረቤትን ማቃጠል ነው። አጥንት ነጭ ሆኖ እስኪፈራርስ ካልነደደ ሥራው አላለቀም፤ የቀረውም አፈር ይለብሳል።

በውጭ አገር ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል። አስከሬን ማቃጠያ ምድጃ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል፤ ድመት ወይም ትንሽ ውሻ በአንድ ሰዓት ገደማ፣ ትልቅ ውሻ በሁለት ሰዓት ያህል ያልቅለታል። ከእሳቱ የሚተርፈው አመድ በሚለው ቃል የሚታሰበው የምድጃ ዱቄት አይደለም፤ የአጥንት ስብርባሪ ነው፣ እርሱም በአብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ነው። ያ ስብርባሪ በወፍጮ ተፈጭቶ በሣጥን ወይም በከረጢት ለባለቤቱ ይሰጣል። በኒውዮርክ አጠገብ በሃርትስዴል የእንስሳት መቃብር የተከፈተው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ በፓሪስ አጠገብ በአኒየር ያለው የውሾች መቃብር በ1899 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ማቃጠል በኋላ የመጣ ሲሆን ዛሬ ከመቃብር ይልቅ የሚመረጠው እርሱ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸው ያሳደጉት ውሻ ሲሞት ከዚህ ገበያ ጋር ይገናኛሉ፤ ብዙውን ጊዜም በኀዘን ሰዓት፣ በስልክ፣ ዋጋ ሳያወዳድሩ።

በዚህ ገበያ መታለል የሚጀምረው ከቃላት ነው። ለብቻ ማቃጠል የሚባለው በምድጃው ውስጥ አንድ በድን ብቻ ሲገባ ነው። ተለይቶ ማቃጠል ሌላ ነው፤ ብዙ በድኖች በአንድ ጊዜ ገብተው በጡብ ወይም በርቀት ይለያያሉ፣ አመዳቸው ግን በመጠኑ ይቀላቀላል። በጋራ ማቃጠል ላይ መለያየትም የለም፤ አመዱ አይመለስም፣ በአንድ ቦታ ይበተናል። የጋራው ርካሽና ሐቀኛ አገልግሎት ነው፤ ለብቻ በሚል ዋጋ የጋራውን መስጠት ግን ማታለል ነው። ሌላው መደናገሪያ መካከለኛው ነው፤ ባለቤቱ በድኑን ለእንስሳት ሐኪሙ ይሰጣል፣ ሐኪሙ ለአጓጓዥ፣ አጓጓዡ ለአቃጣይ። ሦስት እጅ ውስጥ ያለፈ ነገር በየትኛው እጅ እንደተበላሸ ለማወቅ ያዳግታል። በ2025 እ.ኤ.አ. በፔንስልቬንያ የአንድ ድርጅት ባለቤት ከ6,500 በላይ ባለቤቶችን በማታለል፣ በድኖችን ቆሻሻ መጣያ በመጣልና የሌላ እንስሳ አመድ በማስረከብ በግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ክስ ተመሥርቶበታል። እንዲህ ያለ ነገር ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ የሚችልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከፍተኛው ሙቀት ዘረ መልን ያጠፋል፣ የአመድ ሣጥን ላቦራቶሪ ቢወስዱትም ስም አይጠራም።

ማረጋገጫው ስለዚህ ከእሳቱ በፊትና በእሳቱ ጊዜ ያለው ነው። መልካም ድርጅት በድኑን በተረከበ ደቂቃ ቁጥር ያለው የብረት መለያ ያስርለታል፤ ብረቱ ከበድኑ ጋር እሳት ውስጥ ገብቶ ከአመዱ ጋር ይወጣል፤ ቁጥሩም በምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። በድኑ እስከ ተራው የሚቆይበትን ማቀዝቀዣ ያሳያል። ባለቤቱ መጥቶ ልይ ቢል ቀን ይቀጥርለታል እንጂ ሰበብ አይደረድርም፤ ከሁሉ ፈተና ይህ ይበልጣል። ደንበኛው ለብቻ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ከሐኪሙም የአቃጣዩን ስም ይቀበላል። በ1971 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የእንስሳት መቃብርና አስከሬን ማቃጠያ ማኅበር አባል ድርጅቶችን እየመረመረ ዕውቅና ይሰጣል፤ ዕውቅናው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ሚዛንም ጥቂት ይናገራል፤ የሚመለሰው አመድ ከእንስሳው ክብደት ከመቶ ሦስት ወይም አራት እጅ ገደማ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንድ ኪሎ ያህል ይተዋል። አራት ኪሎ ድመት የሰጠ ሰው ግማሽ ኪሎ ቢቀበል የሚጠይቀው ነገር አለው።

የሸዋ ሮቢት ነዋሪ የብረት መለያ የሚያስርለት የለም፤ የሚያገኘው ባለ ጋሪ ወይም የቀን ሠራተኛ ነው። ውሻው ወይም አህያው በግቢው ሲሞት ጥቂት ብር ሰጥቶ ውሰድልኝ ይላል፤ ወዴት ብሎ አይጠይቅም። ጋሪው መታጠፊያውን ሲያልፍ በድኑ የአስፋልት ቱቦ ሥር ወይም የጎረቤት ቀበሌ ወንዝ ዳር ይጣላል። ሠራተኛውን መውቀስ ቀላል ነው፤ የተከፈለው ለማንሣት እንጂ ለመቅበር አይደለም። ስምምነቱ ሲለወጥ ሥራውም ይለወጣል። ከፋዩ ቦታውን ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም ከቀበሌው ጠይቆ አስቀድሞ ያሳያል፤ ዋጋውን በጉድጓዱ ጥልቀት ይነጋገራል፤ ከክፍያው ግማሹን ጉድጓዱ ተቆፍሮ በድኑ ሳይገባ በዓይኑ አይቶ፣ ግማሹን ድንጋዩ ከተከመረ በኋላ ይከፍላል። ለሠራተኛው ጓንት፣ ጫማና የሚታጠብበት ሳሙና የሚያቀርበውም እርሱ ነው። አሟሟቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ግን ጋሪ ከመጥራቱ በፊት ወደ ወረዳው እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሰው ይልካል፤ በድኑን ማንም ሳይነካው ሐኪሙ ካየው በኋላ መንገዱን ሐኪሙ ይመርጣል።

የአባ ሰንጋ በድን የተቃጠለበት ወይም የተቀበረበት ቦታ በእሾህ ይታጠራል፤ በአጠገቡ ግጦሽም እርሻም አይፈቀድም። በዚያ ቀበሌ የቀረው ከብት ይከተባል፤ ክትባቱም በየዓመቱ ይደገማል። አጥሩ በክረምት ሲበሰብስ ይታደሳል፤ ቦታው የሚገኝበት ጎጥ፣ የሞተው እንስሳ ዓይነትና ቀኑ በክሊኒኩ መዝገብ ይጻፋል፤ እረኞቹ ልጆችም እዚያው ድረስ ተወስደው ይታያቸዋል።